እናቴ እየሳቀች ነበር

እዚህ ካልጋሪ፣ ስካይቪው ራንች በሚባለው ሰፈራችን፣ ውሃው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እየጋገረ ያስቸግራል፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ቅዳሜ ጠዋት አቼቶ በውሃ አድርጌ አፈላበታለሁ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ልጆቼ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ ፎቅ ይሮጣሉ፣ ባለቤቴ መስኮት ከፍቶ የውጩን ብርድ ያስገባብናል፣ እኔ ግን ክዳኑን አንስቼ እንፋሎቱ ላይ እቆማለሁ። ለእኔ ይሄ የጽዳት ሽታ አይደለም። ማርልቦሮ ሰፈር ያደግኩበት ቤት ቤዝመንት፣ የምድር ቤቱ፣ ሽታ ነው፤ የጋሼ ዘርይሁን እጅ፣ የጋሼ ዘርይሁን ሹራብ ሽታ ነው። እሳቸውን ባስታወስኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣው ናፍቆት ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣው ንዴት ነው፤ ናፍቆቱ ከኋላ ቀስ ብሎ ይከተላል። ይኸው ፀጉሬ መሸበት ጀምሮ እንኳ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

ቤታችን ከሞሉ፣ ከትልቁ የገበያ አዳራሽ፣ ጀርባ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ የሚንሿሹባት ዝቅ ያለች አሮጌ ቤት ነበረች። ላዩን እማዬና እኔ ተከራይተናል፤ ቤዝመንቱን ጋሼ ዘርይሁን። አዲስ አበባ ሳሉ ለጋዜጣ ፎቶ ያነሱ ነበር፤ ጎርፉንም፣ ኳሱንም፣ ሪባን የሚቆርጠውን ሚኒስትርም። ካልጋሪ ያገኙት ሥራ ግን ሞሉ ውስጥ ባለው ፎቶ ቤት ቆመው የሰው ልደትና የሰው ካምፒንግ ሲያጥቡ መዋል ነበር። ለራሳቸው ያነሱትን እዚያ አያጥቡም። ቤዝመንቱ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ያለበትን ጠባብ ክፍል መስኮቱን በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍነው፣ ቀይ አምፖል ሰክተው የራሳቸው አድርገውታል፤ እማዬ ልብስ በምታጥብበት ክፍል እሳቸው ፎቶ ያጥባሉ። በተራ ነበር የሚገቡት። የእማዬ ተራ ሲደርስ የፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ሽታ እዚያው ተንጠልጥሎ ስለሚጠብቃት አንሶላችንም፣ የእኔ የትምህርት ቤት ሹራብም፣ የእሑድ ነጠላዋም አቼቶ አቼቶ ይሉ ነበር። ቅዳሴ ላይ አጠገባችን የቆሙ ሴቶች ሰላጣ ይዞ የገባ ሰው የሚፈልጉ ይመስል ዞር ዞር ሲሉ፣ እማዬ አንገቷን ደፍታ ጸሎቷን ታጠብቅ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ እማዬ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሺፍት ነበራት። ቤት ብቻዬን እንዳልውል ጋሼ ዘርይሁን ይወስዱኛል፤ እሳቸው ደግሞ ቅዳሜ የሚሄዱት ጋለሪ ነው። ዳውንታውን ያለ ጋለሪ ትልቁም ትንሹም፣ ቤተ መጻሕፍት ኮሪደር ላይ የተሰቀለ የተማሪ ሥራ ሳይቀር አያመልጣቸውም። ለዚህ የሚለብሱት ሙሉ ልብስ ነበራቸው፤ ቡናማ፣ ትከሻው ላይ ሰፋ ያለ፣ ከክራባት ጋር። ቆዳ ጫማቸውን ወልውለው በፌስታል ይይዙና በበረዶ ቡት ሲ-ትሬን የሚሉትን የከተማ ባቡር ይሳፈራሉ፤ የጋለሪው በር ላይ ሲደርሱ ግድግዳውን ተደግፈው በአንድ እግራቸው እየተንገዳገዱ ጫማ ይቀይራሉ። ቡቱን በፌስታል የምረከበው እኔ ነበርኩ። ከፌስታሉ የቀለጠ በረዶ ጠብ ጠብ እያለ በተወለወለው ወለል ላይ ሲከተለን የማፍረው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር አድርገው፣ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ችግሩ፣ ሲያዩ ቀስ ብለው ነው። ሌላው ሰው በእግረ መንገዱ አየት አድርጎ የሚያልፈው ፎቶ ፊት እሳቸው የእግሬ ጣት እስኪቃጠል ያቆሙኛል፤ አፍንጫቸው መስታወቱን ሊነካ ሲደርስ ጥበቃው ይስላል፣ እሳቸውም ይቅርታ ጠይቀው ትንሽ ወደ ኋላ ይሉና መልሰው ይጠጋሉ። ብርሃኑ ከየት በኩል እንደገባ፣ ጠዋት ይሁን ከሰዓት፣ ሰውየው እጁን የት እንዳደረገ ያዩና የፎቶ አንሺውን ስም በመጨረሻ ያነባሉ፤ አንዳንዴም ሳያነቡት ያልፋሉ። የተነሳውን ሰው ግን ዝም ብለው አያልፉትም። "ጠይቂው እስቲ" ይሉኛል፤ "እዚህ በመሰቀሉ ደስ ብሎታል?" እኔም ዓይኔን አጥብቤ አይና መልስ እሰጣለሁ፤ ይሄኛው ደስ ብሎታል፣ ያቺ አልፈለገችም፣ ለዚያ ሽማግሌ ማንም አልነገረውም እያልኩ። ልክ ልሁን አልሁን ነግረውኝ አያውቁም። ራሳቸውን ይነቀንቁና ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

እዚያ ያሉት ሰዎች ግን እኛን እንደዚያ ዘግየት ብለው አያዩንም ነበር። አንዴ አንድ ኤግዚቢሽን ሲከፈት፣ መጠጥ የያዘ ሰውዬ ከበር ገባና ከወሬው ቀና ሳይል እርጥብ ኮቱን አውልቆ ለጋሼ ዘርይሁን ሰጣቸው። እሳቸው ተቀበሉት። ወስደው ትከሻውን አስተካክለው መስቀያው ላይ ሰቀሉና ተመልሰው የጀመሩትን ፎቶ ማየት ቀጠሉ። እኔ ጆሮዬ ጋለ። ባቡር ውስጥ ሳኮርፍ አይተውኝ፣ ሰውየው ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አለባበሱ ያማረለትን መርጦ እንደሆነ ነግረውኝ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ዛሬም አልስቅም።

ይሄን ሁሉ ንዴት ያመጣችብኝ ፎቶ የተነሳችው እማዬ ከሥራ ፈቃድ በወሰደችበት በአንድ ቅዳሜ ነው። የጓደኛዋ ልጅ ሰርግ ነበር። በዋዜማው ሺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ መጥቶ በረዶውን አቅልጦት፣ ሌሊት ብርዱ ተመልሶ መሬቱን መስታወት አድርጎታል። እማዬ ጥበብ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በላዩ ያን ከእሷ የሚተልቅ የበረዶ ጃኬት ዚፑን ሳትዘጋ ደርባ ማርልቦሮ ጣቢያ ላይ ቆማለች። ጋሼ ዘርይሁንም ተጠርተዋል፤ ሰርግ በቡት አይኬድም ብለው ቆዳ ጫማቸውን ከቤት ጀምረው ተጫምተውታል። ባቡሩ ሳይመጣ ፎቶ ላንሳችሁ አሉና እማዬንና እኔን አቆሙን። ሁለታችንንም ሙሉ ለሙሉ ለማስገባት ትንሽ ወደ ኋላ፣ አሁንም ትንሽ ወደ ኋላ ሲሉ እግራቸው ከሥራቸው ሸሸና ያ ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ በረዶው ላይ ቁጭ አለ። ካሜራውን ግን ውሃ ሲሻገር ሕፃን እንደያዘ ሰው ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገውታል፤ እንዳይሰበር ብቻ ነበር ጭንቀታቸው። ከዚያ አወረዱት፣ ዓይናቸው ላይ አደረጉትና እዚያው እንደተቀመጡ አነሱን።

እማዬ ታላቅ ሰው ሲወድቅ መሳቅ ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት። ስለዚህ ነጠላዋን ስባ አፏን ሸፈነች፤ ሳቁ ግን በአፏ ባይወጣ በዓይኗ መጣ፤ ወገቧ ተቆለመመ፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ በጉንጯ ወረደ። እኔ ምንም አልሸፈንኩም። አጠገቧ ቆሜ ክንዷን ይዤ፣ ድዴ እስኪታይ ገልፍጫለሁ። ፎቶዋ ይቺ ናት። ጋሼ ዘርይሁን ቤዝመንት ውስጥ ባጠቧት ቀን ወደ ታች ጠርተውን፣ ከአገር ከወጡ ወዲህ ካነሱት ሁሉ ይቺን እንደሚወዱ ነገሩን። እማዬ መዋረድ ነው ብላ እንደገና ሳቀች።

በዓመቱ ዳውንታውን ያለ አንድ ጋለሪ፣ ስሙን አልጠራውም፣ አዲስ መጤዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች ሊያሳይ ነው ተባለ። ጋሼ ዘርይሁን ያን ያህል ጊዜ የሰው ግድግዳ ሲያዩ ኖረው አሁን የራሳቸውን ሊያዩ ነው። ብዙ ፎቶ ወሰዱላቸው፤ በረዶ የሚዝቁ ጎረቤቶቻችንን፣ ከሺፍት መጥተው አውቶቡስ ውስጥ የተኙ ሰዎችን፣ ኮራል ስፕሪንግስ ሐይቁ ዳር ክርስትና የተነሳ ሕፃን የሚስሙ ሴቶችን። የተመረጠችው አንዲት ብቻ ናት፤ የእማዬ። ትልቅ አድርገን የምናትመው እኛ ነን ብለው ኔጌቲቩን፣ ፎቶው የሚታተምበትን ፊልም፣ ተቀበሏቸው፤ አትመው ሲጨርሱ መለሱላቸው። የሚከፈትበት ቀን እማዬ ፀጉሯን ተሠራች፤ ያንኑ ጥበብ ቀሚስ ለበሰች፤ ሰዎቹ ፎቶው ላይ ያለችው እሷ መሆኗን እንዲያውቁ ነበር።

ከሩቅ አየናት። ሰፊ ነጭ ግድግዳ ለብቻዋ ተሰጥቷታል፤ የራሷ መብራት አላት። እማዬ እጄን ጨበጠች። ስንጠጋ ግን እኔ የለሁም። የፎቶው ቀኝ ጎን ተቆርጧል። ከእኔ የቀረው እማዬ ክንድ ላይ ያለ የእጅጌዬ ጫፍ ብቻ ነው። ከሥሩ ካርድ ተለጥፏል፤ ስደተኛ እናት በባቡር ጣቢያ ስታለቅስ ይላል። ከዚያ በትንንሽ ፊደል ጥላው ስለመጣችው ሁሉ፣ ስለ ብቸኝነቷና ስለ ብርዱ ይቀጥላል። የእማዬ ስም የለም። የጋሼ ዘርይሁን ስም አለ፤ ፊደል ተሳስቶ። ፊት ለፊቱ የቆሙ ሰዎች እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በረጅሙ ይተነፍሳሉ።

"ምን ይላል?" አለችኝ እማዬ።

ካርዱን እስከ መጨረሻው ተረጎምኩላት። ፎቶውን ቀና ብላ አየች፣ ከዚያ እኔን።

"መቼ አለቀስኩ?" አለች።

ጋሼ ዘርይሁን ጋለሪውን ወደምትመራው ሴት ሄዱ። ለፎቶ ቤቱ ሥራ የሚበቃ እንግሊዝኛ ነበራቸው፤ ለዚህ ግን አልበቃ ስላላቸው እኔን መሐል አቆሙኝ። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት እየሳቀች ነው፣ ይኸው እዚህ ቆማለች፣ ጠይቋት፤ የቆረጣችኋትም ልጅ ይቺ ናት፣ ጥርሷን እዩት አሉ። ተረጎምኩ። የጋለሪው ኃላፊ ፈገግ ብላ አዳመጠችኝና፣ ፎቶ ከአንሺው እጅ ከወጣ በኋላ የተመልካቹ እንደሚሆን፣ ሰዎች እዚህ ፊት ቆመው እንዳለቀሱ፣ ልጅቷ ደግሞ ዲስትራክቲንግ እንደሆነች አስረዳችኝ። ይሄን ቃል በአማርኛ እንዴት እንደምለው አላወቅኩም። "እኔ ረብሻለሁ ትላለች" አልኳቸው።

ያኔ እማዬ ራሷ ቀረበች። አልጋ እያነጠፈች፣ አሮጊቶች እያጎረሰች የተማረችውን እንግሊዝኛ ሰብስባ፣ "አይ ዋዝ ላፊንግ" አለች፤ እየሳቅኩ ነበር ማለቷ ነው። ሴትየዋ እጇን እማዬ ትከሻ ላይ አሳረፈች። ቀስ ብላ፣ ጆሮው ለማይሰማ ሰው እንደሚነገር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ማልቀስ ምንም ነውር እንደሌለው ነገረቻት።

ሰው የራሱን ሳቅ ሳቅ ነው ብሎ እንዲመሰክር ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም፤ መስክሮም ሳይታመን ሲቀር ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋሼ ዘርይሁን ባርኔጣቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ወደ ግድግዳው ሄደው ፎቶውን በሁለት እጃቸው አወረዱት። ጥበቃው መጣ፤ ሴትየዋም ተከትላው እየመጣች ያ ያተሙት ፎቶ የጋለሪው ንብረት እንደሆነ ተናገረች፤ ተረጎምኩላቸው። እሳቸው አልተጣሉም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። ፎቶውን እንደ ሕመምተኛ ደግፈው ወለሉ ላይ አቆሙትና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት።

"ወረቀቱ የእናንተ ነው በያት" አሉኝ። "ፊቷ ግን የእናንተ አይደለም።"

እንዳሉኝ አልኳት። ጥበቃው እስከ በሩ ሸኘን። ውጭ፣ ጋሼ ዘርይሁን ጫማ ሲቀይሩ የሕንፃውን ግድግዳ መደገፍ አልፈለጉም፤ እማዬ ትከሻዋን ሰጠቻቸው።

ፎቶው በማግስቱ ተመልሶ ተሰቀለ። ኤግዚቢሽኑ እስኪያልቅ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንኑ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ እኔን ይዘው እየሄዱ ካርዱ እንዲታረም በትሕትና ይጠይቃሉ፤ መልእክቱን እናደርሳለን እንባላለን። በመጨረሻ ባትመጡ ይሻላል ተባልን። እማዬ እኔን ከዚህ ሁሉ ለማውጣት ብላ፣ "ይተዉት ጋሼ፣ እኔ ምን እንደሆንኩ አውቃለሁ" አለቻቸው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ጋለሪው ፎቶውን ለአንድ የበጎ አድራጎት ዘመቻ ሰጥቶት ኖሮ፣ ብርዱ ሲገባ ለስደተኞች የክረምት ልብስ ስጡ የሚል ፖስተር ሆኖ በየባቡር ጣቢያው ወጣ። ማርልቦሮም ወጣ። እማዬ በየጠዋቱ ለሺፍት ባቡር የምትጠብቀው በዚያው በሳቀችበት ቦታ፣ ከሚያለቅሰው ፊቷ አጠገብ ቆማ ሆነ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ፖስተሩን አየች፣ እማዬን አየች፣ የገዛ ጓንቷን ከእጇ አውልቃ እማዬ እጅ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ እንባ እንደሞላ ባቡሩ ውስጥ ገባች። እማዬ ጓንት ነበራት፤ ኪሷ ውስጥ። በዚያች ሴት አልፈርድም። ደግ ሰው ናት፤ ያን ቀን እጇ የበረደው ለሌለች ሴትዮ ነው፤ የዋሿት ሌሎች ናቸው።

ማታ እማዬ ጓንቱን ጠረጴዛ ላይ ወረወረችና ጃኬቷን ሳታወልቅ ወደ ቤዝመንት ወረደች። በሩን አንኳኩታ፣ "ሙሉውን ፎቶ ይጠቡልኝ፣ ትልቅ አድርገው፣ ልጄ ያለችበትን" አለቻቸው።

ጋሼ ዘርይሁን ፎቶ የሚያጥቡባቸው ሳህኖች ትናንሽ ስለነበሩ በቁራጭ በቁራጭ አጥበው ቀጣጠሉት፤ መጋጠሚያው አንገቴ ላይ ትንሽ ዘንፎ ነበር። ከሥሩ እማዬ እየነገረችኝ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍኩ፤ ወይንሸት እባላለሁ፣ ወደ ሰርግ እየሄድኩ ነበር፣ እየሳቅኩ ነው። እሑድ ከቅዳሴ በፊት ሄደን የፖስተሩ መስታወት ላይ በስኮች ለጠፍነው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የእኛ ሰዎች ከበውት አገኘን። እማዬን እያዩ ፎቶውን ያያሉ፤ ምን አይተሽ ነው እንዲህ የሆንሽው ይሏታል፤ ጋሼ ዘርይሁን እጃቸውን አውጥተው እኔ ነኝ የወደቅኩት ሲሉ የባቡር መጠበቂያው በሳቅ ተሞላ። የማያውቁን ፈረንጆችም ጽሑፉን አንብበው ሳቁ። ካልጋሪ ውስጥ እሳቸው ያነሱት ፎቶ እንደሚገባው የታየው ያን ቀን፣ እዚያ ብርድ ላይ ብቻ ነው።

ከሰዓት የጣቢያው ተቆጣጣሪ መጣ። ጽሑፉን አንብቦ፣ እኛን አይቶ፣ አይፈቀድም አለና ሳይቀደው ላጥ ላጥ አድርጎ አንስቶ ለእማዬ ሰጣት። ሰኞ ያችው የምታለቅሰው እናት ለብቻዋ ነበረች፤ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስም አልተነሳችም። ይቅርታ የጠየቀን የለም።

ጋሼ ዘርይሁን ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ሌሎች ጋለሪዎች መሄዳቸውን አልተውም፤ የራሳቸውን ፎቶ ግን ዳግመኛ ለማንም አልሰጡም። እኔ ኮሌጅ ስጨርስ አረፉ። የማርልቦሮን ሰርግና ክርስትና፣ ለቅሶና በረዶ የያዙት ካርቶኖቻቸው፣ ያ የቀጣጠሉትም ፎቶ ጭምር፣ ወደ እኛ ቤዝመንት መጡ። ከዚያ በአንዱ በጋ የካልጋሪን ሰሜን ምሥራቅ ጣሪያ ሁሉ የበሳሳ የበረዶ ዶፍ ወረደ፤ የውሃ መውረጃውን ዘጋና ቤዝመንታችን ሞላ። ካርቶኖቹን ስናወጣ ኔጌቲቮቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ነበር። ልላቅቃቸው ስሞክር ፊልሙ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እንደ ቆዳ ተገፈፈ።

የተረፈችው ያቺ የተቆረጠችው ናት። ጋለሪው ከተዘጋ ቆየ፤ እሷ ግን ኢንተርኔት ላይ አለች፣ ስለ ስደት የሚጽፍ ሁሉ አንስቶ ይለጥፋታል። ስንቱ ጋ ጻፍኩ። አብዛኛው አይመልስም፤ አንዱ ማረጋገጫ ካለሽ ላኪልን አለኝ። እኔም ዛሬ ካሜራ ይዤ ነው እንጀራዬን የምበላው፤ ኤግዚቢሽን አልቀርም። እንደ እሳቸው ማየት ግን አልቻልኩም። ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ሳልጠይቅ መጀመሪያ ካርዱን አነባለሁ፤ ገና ከበሩ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነው የምገባው። ይሄንንም ወስደውብኛል።

እማዬ አሁን ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ማስታወስ እየከዳት ነው፤ የልጆቼን ስም ታቀያይራለች፣ ማርልቦሮን አታውቀውም። በቀደም ኮምፒውተሬ ላይ ያችን ፎቶ ከፍቼ ለአንዱ ስጽፍ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ጎንበስ ብላ ብዙ አየቻት።

"ይቺ ሴትዮ ማን ሞቶባት ነው?" አለችኝ።

ማንም እንዳልሞተባት፣ እየሳቀች እንደሆነ፣ ጋሼ ዘርይሁን በረዶ ላይ ወድቀው እንደሆነ፣ አጠገቧ እኔ እንዳለሁ፣ ሴትየዋም ራሷ እማዬ እንደሆነች ነገርኳት። ለማጽናናት እንደሚዋሽ ሰው አየችኝ።

"አይ ልጄ፣ ይሄማ ለቅሶ ነው" አለች፤ በነጠላዋ ጫፍም ዓይኗን ጠረገች።

ያን ቀን ጣቢያው ላይ ከነበርነው ሦስት ሰዎች፣ እናቴ እየሳቀች እንደነበር የማውቀው አሁን እኔ ብቻ ነኝ። እኔን ደግሞ ከፎቶው ቆርጠው አውጥተውኛል።